ወፍ ዘራሽ ወይራ

ግንቦት ሲጋመስ ካትሌሆንግ በጠዋት ብርዱ ይቆረጥማል። ተማሪዎች እጃቸውን በሹራባቸው እጅጌ ውስጥ ሸሽገው ያልፋሉ። የድንጋይ ከሰል ከሚያነዱት ቤቶች የሚወጣው ጭስ ከቆርቆሮው በላይ ተኝቶ ፀሐይዋን ያደበዝዛታል። አንድ ስፓዛ፣ እንደ ሌሎቹ የሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር) ሱቆች ሁሉ፣ በብረት ፍርግርግ መስኮቱ በኩል ዳቦ፣ ስኳር፣ ሻማ፣ ኤርታይምና ነጠላ ሲጋራ ይሸጣል። ባለሱቁ ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ ሐበሻ ነው። ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሞ ቤት ለቤት በዱቤ በመሸጥ ጀምሮ እዚህ መስኮት ጋ ደርሷል። ደንበኞቹ በስሙ አይጠሩትም፤ በደቡብ አፍሪካ ሎኬሽኖች የውጭ አገር ባለሱቅ ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ነው።

ከሱቁ ጎን፣ አጥሩና ግድግዳው በሚገናኙበት ማዕዘን፣ ከጣራው ትንሽ ከፍ ያለ ዛፍ ቆሟል። ግንዱ ጠማማ ነው፣ ቅርፊቱ ግራጫ። ቅጠሉ ቀጭንና ጠንካራ ሆኖ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ሲገለብጡት ደግሞ አመድማ። በዚህ ወቅት ከአተር ብዙም የማይበልጠው ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ ጥቁር ይለወጣል።

ወፎቹ ሦስት ሰዓት ገደማ ይመጣሉ። አንድ ላይ አይሰፍሩም፤ አንዷ ቀድማ ታርፋለች፣ ሌላዋ ትከተላለች፣ ከዚያ አራት አምስቱ ተከታትለው ቅርንጫፉን ያጎብጡታል። ቀለማቸው አመድማ ቡኒ፣ ራሳቸው ላይ ጉትዬ ያላቸው፣ ጭራቸው ከገላቸው የሚረዝም ናቸው። ፈረንጆቹ በቁጥቋጦ መሐል ሲሹለከለኩ አይተው የአይጥ ወፍ ብለዋቸዋል። አበላላቸው የሌላ ወፍ አይመስልም፦ በእግራቸው ተንጠልጥለው፣ ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ፍሬውን ከዘለላው እየመነጨቁ ይውጡታል። ሲጠግቡ እዚያው ተጠጋግተው ይሞቃሉ፤ የበሉትን ለመፍጨት የፀሐይ ሙቀት ያግዛቸዋል።

«ማይ ፍሬንድ፣ እነዚህ ወፎችህ ግድግዳዬን አበላሹት» ይላሉ የግቢው ባለቤት። አሮጊት ናቸው፤ ሰፈሩ ጎጎ ይላቸዋል።

«ጎጎ፣ ወፎቹስ የእርስዎ ናቸው፤ ግቢው የማን ሆነና?»

ዙሉው ከእንግሊዝኛው ተደባልቆ ሙግቱ ይቀጥላል። ዛፉን ማንም አልተከለውም። ጎጎ የሚያስታውሱት የመብራት ሽቦው በሚያልፍበት ሥር፣ የተከመረ ጡብ መሐል አንድ ቀን ብቅ ማለቱን ነው። ባለሱቁ ደግሞ ቤቱን ሊከራይ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ ያደረገው ቀጭን ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ቅርፊቱን በጥርሱ ልጦ፣ ጫፉን ማኘክ ነው። ቃጫው ተበጣጥሶ እንደ ቡርሽ ሲሆንለት ጥርጣሬው ቀረ። ወይራ ነው፤ አገር ቤት መፋቂያ የሚቆረጥበት፣ የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ወይራ።

ነገሩ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል፣ የዕፅዋት ተመራማሪዎችም ከእሱ ጋር ይስማማሉ። ቀድሞ የደቡቡን ወይራ «አፍሪካና» ብለው ለብቻው ይቆጥሩት ነበር፤ ዛሬ ከኢትዮጵያው ጋር «ኩስፒዳታ» በሚባለው አንድ ንዑስ ዝርያ ሥር ያስገቡታል። ይህ ወይራ ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች በኩል ኢትዮጵያን ይዞ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን፣ ከዚያም ሒማሊያና ቻይና ድረስ ይዘልቃል። ዘይት የሚጨመቅበት የሜዲትራኒያኑ ወይራ የቅርብ ዘመዱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ለአገር በቀል ዛፎቿ ሁሉ ብሔራዊ ቁጥር ሰጥታለች፤ የወይራ ቁጥር 617 ነው። የካትሌሆንግ ሰዎች በሶቶ ሞህልዋሬ፣ በዙሉ ኡምንቁማ ይሉታል። አሮጊቶች ቅጠሉን አፍልተው ለደም ግፊት ይጠጡታል።

ካትሌሆንግ ከጆሐንስበርግ መሐል በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ዛሬ ኤኩርሁሌኒ በሚባለው ከተማ ውስጥ ያለች ሎኬሽን ናት። የተቆረቆረችው በ1945 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሌላ ካልተባለ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከቶኮዛና ከቮስሉሩስ ጋር ተጣምራ ካቶሩስ ትባላለች። ከ1990 እስከ 1994 በዚህ ሰፈር በፖለቲካ ግጭት ለፈሰሰው ደም ቶኮዛ ውስጥ ኩማሎ ጎዳና ላይ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል። በአፓርታይድ ዘመን ሰፈሩ የታሰበው ለሠራተኛ ማደሪያነት ነው፦ አራት ክፍል ቤት፣ ጠባብ ግቢ፣ ሰፊ መንገድ። ዛፍ በዕቅዱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። አራት ክፍሉ ሳይበቃ ሲቀር ከኋላ የሚከራይ ቆርቆሮ ቤት ተሠራ፤ ለዛፍ ሊሆን ይችል የነበረውም መሬት በዚያው አለቀ።

በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በመላ አገሪቱ ለክቶት ነበር። ዛንደር ቬንተርና ባልደረቦቹ ከሳተላይት ምስልና ከሕዝብ ቆጠራ ተነሥተው እንዳሳዩት፣ ነጮች የሚበዙባቸው ሰፈሮች ከሌሎቹ ይልቅ ወደ 12 በመቶ የሚጠጋ ብልጫ ያለው የዛፍ ሽፋን አላቸው፤ ለሕዝብ መናፈሻም 700 ሜትር ያህል ይቀርባሉ። ጥናቱን «አረንጓዴ አፓርታይድ» ብለውታል። ከጆሐንስበርግ ሰሜናዊ ሰፈሮች ተነሥቶ ወደ ካትሌሆንግ በሚኒባስ ታክሲ የተጓዘ ሰው ይህን ለማወቅ ሳተላይት አያሻውም፤ ጥላው የት እንደሚያልቅ በመስኮት ይታያል።

ከዚህ ተነሥቶ ግን «ጫካው ተመንጥሮ ነው» ወደሚል መደምደሚያ መሮጥ ስሕተት ነው። ጆሐንስበርግና ዙሪያዋ ከጥንት ጀምሮ የሣር ምድር ናቸው። ሃይቬልድ የሚባለው ይህ አምባ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ዝናቡ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ይወርዳል። የእኛ ክረምት በሚገባበት ወር እዚያ ሰማዩ ደርቆ ሌሊት ውርጭ ይወድቃል፤ ነሐሴ አካባቢ የደረቀው ሣር በእሳት ይያያዛል። ውርጩና እሳቱ ተባብረው ችግኝን አያሳድጉም። ዛፍ የነበረው በወንዝ ዳርና በድንጋያማ ኮረብታ ላይ ብቻ ነበር። ከካትሌሆንግ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወርዱ፣ ሃይደልበርግ አጠገብ ባለው የሱይከርቦስራንድ ጥብቅ ሥፍራ፣ ወይራው ዛሬም በተረተሩ ድንጋይ መሐል እንደ ጥንቱ ይታያል።

የጆሐንስበርግ የዛሬ ዛፍ በአብዛኛው የሰው ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ታሪኳ ከአዲስ አበባ ጋር ይገጥማል። ሁለቱም ከተሞች የተቆረቆሩት በ1886 ነው፤ አንዷን ወርቅ ወለዳት፣ ሌላዋን የእቴጌ ጣይቱ የፍል ውኃ ሰፈር። ሁለቱም ወዲያው እንጨት አጠራቸው። ጆሐንስበርግ ለማዕድን ጉድጓዷ ድጋፍ፣ አዲስ አበባ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሲቸገሩ ሁለቱም ወደ አንድ የአውስትራሊያ ዛፍ ዞሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ገብቶ መናገሻይቱን ከመነሣት አዳናት። በዚያው በ1890ዎቹ አንድ የማዕድን ኩባንያ፣ ዛሬ የጆሐንስበርግ መካነ እንስሳት ባለበት አካባቢ፣ ዛክሰንቫልድ ብሎ በሰየመው መሬት ላይ ባሕር ዛፍና ሌላ መጤ ዛፍ በሚሊዮን ተከለ። ጃካራንዳው ከደቡብ አሜሪካ፣ ፕሌኑና ኦኩ ከአውሮፓ ተከተሉ። ባሕር ዛፍን መርገም በእኛ አገር ፋሽን ሆኗል፤ እኔ አልረግመውም፣ ሁለት ከተማ ያቆመ ዛፍ ነው። ግን ወፍ ምን ይበላበታል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው። በአበባው ወራት ንብ ትቀስመዋለች፣ ጭልፊት ጎጆዋን ትሠራበታለች፤ ፍሬው ግን ደረቅ እንክብል ነው፣ ቅጠሉንም የሚበላ የአገር ትል ከስንት አንድ ነው።

የዛፍ ዋጋ ለአራዊት ሲመዘን ብዙ ሰው ዓይኑን ፍሬው ላይ ብቻ ይጥላል። ትልቁ ነገር ቅጠሉ ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሂከሪ የሚባል አገር በቀል ዛፍ አለ። ለውዙን ሽኮኮ መሰሉ የዛፍ አይጥ ቀብሮ ያከማቸዋል፣ ድብና የዱር ተርኪ ይለቅሙታል። ቅጠሉን ግን ከ200 በላይ የእሳት ራትና የቢራቢሮ ዝርያዎች በትልነታቸው ዘመን ይመገቡታል። የሥነ ነፍሳት ሊቁ ዳግ ታላሚ እንደሚለው፣ ቺካዲ የምትባል ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ አንድ ዙር ጫጩት አሳድጋ ለማስወጣት ከ6,000 እስከ 9,000 ትል ያስፈልጋታል። ጥሬ የሚበላው ወፍ እንኳ ጫጩቱን የሚያሳድገው በአብዛኛው በትል ነው። ስለዚህ ትል የማይበላው ዛፍ ለወፍ ያማረ ግን ባዶ ሞሰብ ነው። የሂከሪ ወገን የሆነው ፒካን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሰፊው ይለማል፤ አገሪቱ ከዓለም ዋና ዋና አምራቾች አንዷ ናት። ያው ወገን ሆኖ ሳለ እዚህ የሚያበላው በዋናነት ገበሬውንና ገዢውን ነው፤ በአገሩ ቅጠሉን የለመዱት ትሎች አብረውት አልተሳፈሩም።

ወይራን በዚህ ዓይን ሲያዩት የሚገርም ሰነድ ይገኛል። ፊሊፖ ሲልቬስትሪ የተባለ ኢጣሊያዊ የነፍሳት ሊቅ በ1915 አንድ ጥናት አሳትሟል፤ ርእሱ በኤርትራና በደቡብ አፍሪካ ወይራ ላይ ስለሚኖሩ ነፍሳት ነው። ኢጣሊያኖች የዘይት ወይራቸውን የምታበላሽ ዝንብ አስመርራቸው ነበር። ዝንቧ እንቁላሏን ፍሬው ውስጥ ትጥላለች፣ ትሏ ሥጋውን ትበላለች፣ ፍሬው ይበሰብሳል። ሲልቬስትሪ የዝንቧን ጠላት ፍለጋ ወደ አፍሪካ ዞረ፤ በዱር ወይራው ላይ ዝንቧን ብቻ ሳይሆን በትሏ ገላ ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦችንም አገኘ። በ1998 ያቺው ዝንብ ካሊፎርኒያ ስትገባ አሜሪካኖችም ተርቦቹን ፍለጋ የመጡት ወደዚሁ አህጉር ነው። ጎጎ ግቢ ያለው ወይራ ላይ ከሚለቀመው ፍሬ አንዱን ቢሰነጥቁት ትል ሊገኝ ይችላል፤ ትሏን የሚያጠቃት ተርብ፣ ተርቡን የሚለቅም ወፍም በዚያው ዙሪያ አለ። ፀረ ተባይ ሳይረጭ ዛፉ በየዓመቱ የሚያፈራው ዝንቧም ጠላቷም አብረውት ስላሉ ነው።

ፍሬው ደግሞ የሚደርሰው ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ነው። በሃይቬልድ ይህ የችጋር ወቅት መግቢያ ነው፤ ሣሩ ይደርቃል፣ ነፍሳቱ ይመናመናሉ። ያን ጊዜ የአይጥ ወፎቹ ብቻ አይደሉም የሚመጡት። ቡልቡሉ ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል። ሲበር ክንፉ ቀይ የሚያበራው ትልቁ ጥቁር ወፍ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወርዳል። በዓይኑ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያለው ትንሹ አረንጓዴ ወፍ የፈረጠውን ይመጠምጣል። እንደ ማንቂያ ሰዓት ሳያቋርጥ የሚንጫረረው ባለጉትዬ ባርቤትም አይቀርም። ከሁሉም የሚደንቀኝ የወይራ ርግብ ነው፦ ሐምራዊ ደረቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው፣ ምንቃሩና እግሩ ደማቅ ቢጫ የሆነ ትልቅ ርግብ። የተራራ ጫካ ወፍ ነበር፤ ፍሬ ሲያገኝ ጆሐንስበርግ ገብቶ ለመደ። መኖሪያው ከኢትዮጵያ ደጋ እስከ ኬፕ ነው፤ ከዛፉ ጋር አንድ መንገድ ይጋራሉ።

ለፍትሕ ያህል፣ መጤ ዛፎችም ወፍ አምጥተዋል። የሰፈር ጥላ ሲበዛ ሃዲዳው ጋጋኖ ከምሥራቅ፣ «ጎ አዌይ» እያለች የምትጮኸው ግራጫ ወፍ ከሰሜኑ ቁጥቋጦ ምድር ወደ ከተማው ዘልቀዋል። ግን አንዳንዱ መጤ ዛፍ የወፍን ሆድ ተጠቅሞ ራሱን ይዘራል፤ ሲሪንጋ የሚሉት የኒም ዘመድ በየወንዙ ዳር የተንሰራፋው እንዲሁ ነው። መንግሥት ከ1995 ጀምሮ «ሥራ ለውኃ» በተባለው ፕሮግራም ውኃ የሚጨርሱ መጤ ዛፎችን ሥራ አጦችን ቀጥሮ ያስቆርጣል።

ይህ ታሪክ በግልባጩም ተሠርቷል። ባሕር ዛፍን የሰጠችን አውስትራሊያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወይራችንን ለአጥርና ለማዳቀያ ወሰደች። ዛሬ ከሲድኒ በስተምዕራብ የአፍሪካ ወይራ የተረገመ አረም ነው። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም፤ ጥቅጥቅ ብሎ ሥሩ ያለውን ሣርና ቁጥቋጦ በጥላው ይገድላል፣ የአገሬው ወፍም ፍሬውን እየበላ ያዛምተዋል። ሲድኒ ላይ በመጋዝ የሚያባርሩት ዛፍና ካትሌሆንግ ላይ ጥላው የሚፈለገው ዛፍ አንድ ነው። ሃይቬልድ ላይ ወይራ እንደዚያ ያልሆነው ውርጩ፣ እሳቱ፣ ፍየሉና የአገሩ ነፍሳት በልክ ስለያዙት ነው።

በዚህ ሁሉ ጠላት መሐል ወይራ የሚተርፈው አንድ የሚከልለው ነገር ሲያገኝ ነው። ከጆሐንስበርግ ሰሜን ምዕራብ፣ የሰው ዘር መገኛ በሚባለው የዋሻዎች ምድር፣ ሜዳው ሣር ሆኖ እዚህም እዚያም ጥቂት ዛፎች ተሰባስበው ይታያሉ። ቀርበው ሲያዩ ዛፎቹ የበቀሉት በዋሻ አፍ ላይ ነው። ጣራው የተደረመሰ የኖራ ድንጋይ ጉድጓድ እርጥበት ይይዛል፣ ከእሳትና ከውርጭ ይሸሽጋል። ወፍ ዘሩን ይጥልበታል፣ ወይራና ቀውት እዚያ ያድጋሉ። ቅሪተ አካል ፈላጊዎች ይህን ስለሚያውቁ ዛፍ አይተው ዋሻ ይፈልጋሉ። ሊ በርገር በ2008 ከሳተላይት ምስል ላይ እንዲህ ያለ ምልክት እያየ ሲዞር ነበር ማላፓ የደረሰው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጁ ማቲዎስ አንድ አጥንት ያለበት ድንጋይ አንሥቶ አሳየው። በ2010 አውስትራሎፒቴከስ ሴዲባ ተብሎ ለዓለም የተዋወቀው፣ 2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋው ፍጡር በዚህ መልኩ ተገኘ። የድንቅነሽ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ወይራን የሚከልለው የቤተ ክርስቲያን አጥር ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,400 በላይ ቤተ ክርስቲያናት አሉ፤ በብዙዎቹ ዙሪያ፣ በእርሻና በግጦሽ ባሕር መሐል፣ ትንሽ ደን ቀርቷል፤ ወይራ፣ ጽድና ዋንዛ የሚገኘው እዚያ ነው። «እመጓ»ን ያነበበ ሁሉ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ሊቅ ነው፤ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በእነዚሁ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው። ዋና መልእክቱ ቀላል ነው፦ ከብት የገባበት ደን ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ይታይ እንጂ ከሥሩ ተተኪ የለውም። ካብ ሲደረግለት ችግኙ ተመልሶ ይመጣል። ትግራይ ውስጥም ራፍ አርትስና ባልደረቦቹ የወይራ ዘር በቀጥታ ዘርተው ሞክረዋል፤ በገላጣው ሳይሆን ደደሆና መሰል ቁጥቋጦ ሥር የተዘራው የተሻለ ዕድል አገኘ። ቁጥቋጦው ከፀሐይና ከመንጋ ይሸሽገዋል። ያንን ቁጥቋጦ «ለማገዶ እንኳ የማይሆን» ብሎ መመንጠር ወይራን አብሮ መመንጠር ነው።

የካትሌሆንጉን ወይራ ያተረፉት ደግሞ የጡብ ክምሩና የሱቁ ግድግዳ ናቸው። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይመልሳል፣ ውርጩን ያለዝበዋል። ጡቡ ከፍየልና ከሣር ማጨጃ ከልሎታል። የመብራት ሽቦው የወፍ ማረፊያ ነው፤ የሱቁ የእጅ ማስታጠቢያ ውኃ ደግሞ በዚያ በኩል ይፈስሳል።

ሰው ራሱ መዝራት ከፈለገ የወፏን ሥራ መሥራት አለበት። ጥቁር የሆነውን ፍሬ ለቅሞ፣ ውኃ ውስጥ አሽቶ ሥጋውን ማስለቀቅ ነው የመጀመሪያው፤ ሥጋው ካልወጣ ይሻግታል። ከዚያ የሚቀረው እንደ ድንጋይ የጠጠረ ፍሬ ነው። ባለሱቁ ይህን የሚያደርገው ከጥሬ ገንዘብ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጦ ነው፦ ፍሬውን በፒንሳ ይይዛል፣ ጫፉን በቀስታ ይጫነዋል፣ ቀጭ ሲል ያቆማል። ትንሽ ከበረታ ውስጡ ያለው ዘር ይደቅቃል፤ ብዙም ደቅቋል። የተረፈውን ሌሊቱን በውኃ ይዘፈዝፍና የወንዝ አሸዋ በተሞላ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ላይ ይዘራዋል። ቶሎ የለም። ከወር በላይ፣ አንዳንዴም ለወራት አሸዋ ብቻ ማየት ነው። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች የወይራ አይመስሉም፤ ያላወቀ አረም ብሎ ይነቅላቸዋል።

ችግኙ አንድ ብርድ ወቅት በቤት ጥግ ቢያሳልፍ ይመረጣል። መሬት የሚገባው የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ነው፣ ከመስከረም መጨረሻ በኋላ። በደቡብ አፍሪካ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትዞር ከቤቱ ደቡብ የተተከለ በብርዱ ወራት ጥላ ውስጥ ይውላል፤ ከሰሜን ወይም ከምሥራቅ ግድግዳ አጠገብ ይሻላል። ጉድጓዱ ከችግኙ ከረጢት ሦስት እጥፍ ይሰፋል፣ ብስባሽ ይገባበታል፣ ከላይ ደረቅ ሣር ይለብሳል፣ ግንዱን ግን ሣሩ አይነካውም። ሁለት ደረቅ ወቅት ውኃ ካገኘ ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል፤ ድርቁንም ውርጩንም ይሸከማል። አስቸጋሪው ሁለቱ ወቅት ነው። በካትሌሆንግ የቧንቧ ውኃ በሚቋረጥበት ሳምንት ልጅ የሚታጠብበት ሳይኖር ለዛፍ የሚያጠጣ የለም፤ የእቃ ማጠቢያው እጣቢ ለዚህ ይበቃል።

ደቡብ አፍሪካ ከመስከረም 1 እስከ 7 የዛፍ ሳምንት ታከብራለች። ለሶዌቶ ከ2010ሩ የዓለም ዋንጫ በፊት 200,000 ዛፍ ለመትከል ዘመቻ ተደርጎ ነበር። በእኛም አገር አረንጓዴ አሻራ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በመንግሥት መግለጫ መሠረት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተክሏል። ዘመቻን አልንቅም። ቁጥር የሚወድ ሁሉ ግን ፈጥኖ የሚያድገውን ይመርጣል፤ ወይራ ለቁጥር አይመችም። አምስት ዓመት ጠብቀህ ቁመትህን ቢያህል ደስ ይልሃል፤ ፍሬ ለማየት ከዚያም መታገሥ ነው።

መታገሥ ደግሞ እዚሁ እኖራለሁ ብሎ ለሚያምን ሰው ነው የሚቀለው። በግንቦት 2008 አሌክሳንድራ ላይ ተነሥቶ በተዛመተው በውጭ ዜጎች ላይ ያነጣጠረ ጥቃት 62 ሰዎች ሞተዋል። በመስከረም 2019 መጀመሪያ እንደገና ሲነሣ ካትሌሆንግም ከተጎዱት ሰፈሮች አንዷ ነበረች። ሐበሻው ባለሱቅ ዕቃውን ጭኖ ወደ መሐል ከተማ፣ ወደ ጄፔ ጎዳና የሐበሻ ሕንፃዎች መሸሽን ያውቃል። እንዲህ ላለ ሰው ዕቃ በሳምንት የሚያልቅ፣ ውል በወር የሚታደስ ነው። ለምን ታዲያ በፒንሳ ፍሬ ትሰብራለህ ሲሉት ትከሻውን ይነቀንቃል። «ባልኖርም ጎጎ ይኖራሉ። እሳቸው ባይኖሩ ልጆቻቸው አሉ።» ጎጎ በበኩላቸው ቅጠሉን ይፈልጉታል፤ የሰፈሩ ሴቶች ለደም ግፊታቸው ሲመጡ ቅርንጫፍ ቆርጠው ይሰጣሉ። እሱ ለመፋቂያ ቀጥ ያለውን ቀንበጥ ሲፈልግ እሳቸው ቅጠላሙን ይሻሉ፤ የሚጣሉት በዚህ ነው።

ጀሪካኑ ላይ የበቀሉትን የት እንደሚተክል ሲማከሩ ጎጎ ወዲያው ያሉት በናታልስፕራይት ወንዝ በኩል ያለውን ባዶ ሜዳ ነው። ብዙ ሰው እንዲሁ ይላል፤ ባዶ መሬት ሲያይ ዛፍ ይታየዋል። እኔ ግን እዚያ አይተከል ባይ ነኝ። ሜዳው ባዶ አይደለም። ዝናቡ ሲጀምር ሳካቡላ የሚሉት ጥቁር ወፍ፣ ወንዱ ከገላው ብዙ እጥፍ የሚረዝም ጭራውን እያንጠለጠለ፣ በሣሩ ላይ ዝቅ ብሎ እየተንሳፈፈ ሴቶቹን ያባብላል፤ ጎጆው የሚሠራው በረጅሙ ሣር ውስጥ ነው። ዛፍ ከተተከለበት ጭልፊትና ቁራ ይቀመጡበታል፣ ሣሩም በጥላው ይሳሳል፣ ሳካቡላም ይሄዳል። የወይራው ቦታ የትምህርት ቤት አጥር ሥር፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የክሊኒክ ግድግዳ ዳር፣ ከዋናው መንገድ ወዲህ ያለው የእግረኛ ጠርዝ ነው፤ በመብራት ሽቦው ትይዩ ሳይሆን ሁለት ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ፣ አለዚያ የመብራት ኃይል ሠራተኞች መጥተው አናቱን ይቀነጥሱታል።